ዘፈን መምረጥ፤ ከካሴት ክር እስከ ፕሌይሊስት

በአማርኛ «ዘፈን መረጠላት» ሲባል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይነገራል፤ አንደኛው መራጩ ከብዙ ዘፈን አንዱን መለየቱ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ የለየው ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ሰው ብሎ መሆኑ ነው። ሬዲዮ የቤተሰቡ ሁሉ ወሬ ነጋሪ በነበረበት ዘመን፣ አድማጮች የወዳጅ ዘመድ ስም እያስጠሩ ዘፈን የሚያስመርጡበት ዝግጅት በጉጉት ይጠበቅ የነበረው፣ ዘፈኑ ብቻውን ሳይሆን የተመረጠለት ሰው ስም አብሮት ስለሚሰማ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ፕሌይሊስት የሚባለው፣ ማለትም አንድ ሰው በራሱ ምርጫና ቅደም ተከተል ደርድሮ ለሌሎች የሚያጋራው የዘፈኖች ዝርዝር፣ ስሙ ባዕድ ቢሆንም ጠባዩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ልማድ የመጀመሪያው ምቹ መሣሪያ ካሴት ነው። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ይህ ዕቃ ከሸክላ የሚለየው፣ ሸክላን የሚያትመው ፋብሪካ ብቻ ሲሆን በካሴት ላይ ግን መቅጃ ያለው ቴፕ የገዛ ሁሉ በቤቱ ተቀምጦ የፈለገውን መቅዳት በመቻሉ ነው። ባዶ ካሴት በአብዛኛው የ60 ወይም የ90 ደቂቃ ሆኖ በሁለት ገጽ ስለሚከፈል በአንዱ ገጽ የሚገባው ከ30 ወይም ከ45 ደቂቃ አያልፍም ነበር፤ ስለዚህም ቀጂው የሚወደውን ሁሉ መጨመር አይችልምና የግድ ያወዳድራል፣ የትኛው ከየትኛው በኋላ ቢመጣ እንደሚያምር ያስባል፣ አንዳንዱንም እያዘነ ይተዋል። የመጨረሻው ዘፈን መሀል ላይ ክሩ ካለቀበት ጥፋቱ የስሌቱ ነው። ካሴት በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ከተተካ በኋላ ግን በየሰፈሩ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ተከፈቱና፣ ደንበኛው «የድሮ ሙሉ»፣ «የሠርግ ሙሉ» እያለ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን በአንድ ጊዜ የሚያስጭንበት ጊዜ መጣ፤ ቦታው ሲሰፋ ምርጫው ላላ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢንተርኔት ላይ «ማጋራት» የሚለው ቃል የሚሸፍናቸው ሥራዎች ሁለት ናቸው፤ በተጠቃሚው ዓይን አንድ ቢመስሉም ለዘፈኑ ባለቤት የሚያመጡት ውጤት ግን እጅግ ይራራቃል። አንደኛው ፋይሉን ራሱን አሳልፎ መስጠት ነው። ኤምፒ3 የሚባለው የድምፅ ማመቂያ ዘዴ፣ ማለትም የሰው ጆሮ ብዙም የማይለየውን የድምፅ ክፍል እየቀነሰ ፋይሉን የሚያሳንሰው ስልት፣ ዘፈንን በስልክ መስመር ለማስተላለፍ ካስቻለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የተባለ ፕሮግራም በአሜሪካ ተነሣና ሰዎች በኮምፒውተራቸው ያለውን ዘፈን በቀጥታ እንዲለዋወጡ አደረገ፤ የሙዚቃ አሳታሚዎች ከስሰውትም በ2001 አገልግሎቱ ተቋረጠ። ሁለተኛው ሥራ ዘፈኑን ሳይሆን ዘፈኑ ያለበትን ቦታ ማመልከት ነው። በ2005 የተጀመረው ዩቲዩብና በ2006 በስቶክሆልም ተመሥርቶ ከ2008 ጀምሮ አገልግሎት መስጠት የጀመረው ስፖቲፋይ የሚያጋሩት ሊንክ፣ ማለትም ወደ ዘፈኑ የሚያደርስ ማስፈንጠሪያ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ነገር እንጂ መጽሐፉ አይደለም። የፕሌይሊስቱ ባለቤት በእጁ አንድም ዘፈን ስለሌለ፣ የመብቱ ባለቤት ዘፈኑን ባነሣ ቀን ዝርዝሩ ውስጥ የሚቀረው ባዶ መስመር ነው፤ ለዓመታት የተደከመበት የትዝታ ስብስብ በአንድ ሌሊት ጥርሱ የወላለቀ አፍ የሚመስለውም በዚህ የተነሣ ነው።

የማመልከቱ መንገድ ጥቅም እያንዳንዱ መደመጥ መቆጠሩ ላይ ነው። በስፖቲፋይ አሠራር አንድ ዘፈን ለ30 ሰከንድ ከተሰማ እንደተደመጠ ይቆጠራል፤ ከአገልግሎቱ ገቢም በዚሁ ቁጥር መጠን ለመብቱ ባለቤቶች ድርሻ ይወጣል። ድርሻው ለአንድ መደመጥ ሲሰላ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቀረጻ ክፍያው እንዲወጣ ተደርጓል። ደንቡ ለታወቀ ድምፃዊ ምንም ባይሆንም፣ አድማጩ ጥቂት ለሆነ የአገርኛ ዘፈን ግን በሩን ገርበብ እንደ ማድረግ ነው።

በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይበልጥ የሰፋው ግን የመጀመሪያው፣ ማለትም ፋይሉን ራሱን አሳልፎ የመስጠቱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ቴሌግራም በ2015 ቻናልን፣ ማለትም አንዱ የሚልከውን ብዙዎች የሚቀበሉበትን ገጽ፣ ከጨመረ ወዲህ የድሮና የአዲስ ዘፈን ማከማቻ የሆኑ ቻናሎች ተበራክተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ የወረደ ፋይል ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ይሰማል፣ ዳግመኛ ጥቅል አይበላም፣ በአንድ ንክኪም ከአዲስ አበባ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል። በዚህ መልኩ ቴሌግራም የካሴቱ ቀጥተኛ ልጅ ሲሆን፣ የአባቱን ጉድለትም ወርሷል፤ ፋይሉ አሥር ሺህ ጊዜ ቢተላለፍ ለዘፋኙ የሚደርሰው ቆጠራም ሆነ ክፍያ የለም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለግል መገልገያው አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባይከለክልም፣ ለሺህዎች መበተን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ማጋራት ዘፈንን ከመረሳት ሲያወጣም ታይቷል፤ ለዚህም ከኃይሉ መርጊያ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በአሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አጣምሮ ብቻውን የቀረጸው ካሴት ከጊዜ በኋላ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ እርሱም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለው አሜሪካዊ፣ ከ2006 ጀምሮ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚል ስም የአፍሪካን ካሴቶች በኢንተርኔት ሲያጋራ የቆየ ሰው ነው፤ ይህንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘውና፣ ባለቤቱን አፈላልጎ በስምምነት በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በልዩ ልዩ አገሮች ሲጫወት ቆይቶ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ዋናው ነገር አጋሪው ካሴቱን ማግኘቱ ሳይሆን፣ በካሴቱ ላይ የተጻፈውን ስም ይዞ ሰውየውን እስከ መፈለግ መድረሱ ነው።

በሌላ በኩል ምርጫውን ራሱ ከሰው እጅ የሚወስድ አሠራር መጥቷል። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው፣ በየሰኞው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 30 ዘፈን የሚያቀርበው ዝርዝር የተሠራው በማሽን ቢሆንም፣ ማሽኑ የሚማረው ግን ሰዎች በየፕሌይሊስታቸው ጎን ለጎን ካስቀመጧቸው ዘፈኖች ነው። ሁለት ዘፈኖች በብዙ ሰዎች ዝርዝር አብረው ከተገኙ አንዱን የወደደ ሌላውንም ይወዳል ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ይመርጣል እንጂ «አይመርጥለትም»፤ ለልጅነት ወዳጅ የተላከ አንድ ትዝታ በውስጡ ያለውን ነገር፣ ማለትም የትኛው ዓመት፣ የትኛው ሰፈር፣ የማን ሠርግ እንደሆነ፣ ከላኪና ከተቀባዩ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዘፈን ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ቀድሞ የሚወድቀው ስም ነው። በካሴት ሽፋን ላይ ከድምፃዊው ስም በተጨማሪ ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ዜማውን ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው ተዘርዝሮ ይገኝ ነበር፤ በቴሌግራም የሚደርሰው ፋይል ግን ብዙውን ጊዜ «ትራክ 05» ወይም የቻናሉን ማስታወቂያ ተሸክሞ ይመጣል። ስም በተጻፈበትም ጊዜ ቢሆን ሌላ ችግር አለ። የድምፃዊውን የጥላሁንን አባት ስም አንዱ «ገሠሠ»፣ ሌላው «ገሰሰ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ለሰው ጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ፊደላት ለኮምፒውተር የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ፣ ይህ እንዲታረቅ ተደርጎ ባልተሠራ መፈለጊያ በአንዱ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን አያገኘውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የአጻጻፉ ዓይነት ከዚህም ይበዛል። በዚህ ምክንያት የአንድ ድምፃዊ ሥራ በሁለትና በሦስት ስም ተበታትኖ ሲገኝ፣ ገጣሚውና ዜማ ደራሲው ደግሞ ከነጭራሹ የሉም።

ይህን ለማረም የአዲስ ቴክኖሎጂ መምጣት አያስፈልግም። ፕሌይሊስት የሚያጋራም ሆነ ፋይል የሚልክ ሰው ከዘፈኑ በታች የድምፃዊውን፣ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም፣ ካወቀም ዓመቱን ጨምሮ ቢጽፍ፣ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ባዶ ካሴት ወደ መጀመሪያው ለማጠንጠን ይፈጅ ከነበረው ያነሰ ነው።