ዓይኑ የት ሄደ?

ለጥገና የመጣው ዝሆን ግራጫ ነበር፤ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ፣ ኩምቢው በሕፃን ምራቅ እየራሰና እየደረቀ የከረረ፣ ቀኝ ዓይኑ ያለ፣ ግራ ዓይኑ የሌለ። ዱከም ከተማ ውስጥ በቤታቸው የኪሮሽ መጫወቻ ለሚሠሩት ባለሙያ ያመጣችላቸው ወጣት እናት ዝሆኑን ሌላ ሰው እንደሠራው ነግራቸው፣ «እትዬ፣ ሌላው ደህና ነው፤ ይህችን የምትመስል ቁልፍ ብቻ ፈልገው ይትከሉልኝ» አለች። ባለሙያዋ ዝሆኑን ትተው እሷን እያዩ «የወለቀውስ የት ሄደ?» ብለው ጠየቋት።

እናትየዋ አላወቀችም። አልጋው ሥር ፈልጋለች፣ ምንጣፉን አራግፋለች። ልጇ ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ይበላል፣ ይስቃል፣ ምንም የሆነው ነገር የለም። ቁልፉ ጓሮ ወድቆ ይሆናል፣ ወይም ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ይሆናል። እሷ የጎደላት አንድ ቁልፍ ነው። ባለሙያዋን ግን ያ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ዛሬም ክር ሲቆርጡ ድንገት እየመጣ ያስጨንቃቸዋል። ቁልፉን አልተከሉላትም፤ የቀረውንም ነቅለው ሁለቱንም ዓይን በጥቁር ክር ጠልፈው መለሱላት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ዋጋም ይጠይቃቸው ስለ ክር ዓይነት፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ዓይን ላይ ያርፋል። ለነገሩ ሙግቱ ድሮም ነበረባቸው፤ ዝሆኑ አባባሰው እንጂ አላመጣውም። የሚያበሳጫቸው አንድ አባባል ነው፦ «ክር ምን ይጎዳል?»

አባባሉን ከሁለት ዓይነት ደንበኞች ይሰሙታል። አንደኞቹ እዚያው ዱከም ካለው ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው። የቻይናው ሁዋጂያን በ2004 ዓ.ም. ጫማ ማምረት የጀመረበት ይህ ግቢ ብዙ ወጣት ሴቶችን ያሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ስለሚውሉ ለልጃቸው «በእጅ የተሠራ» ይመርጣሉ። ሁለተኞቹ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ቁርጥ ለመብላት ብቅ የሚሉት ናቸው። እነዚህ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳያሉ። ፎቶው ላይ ያለችው ጥንቸል ሁልጊዜ ትልልቅ፣ የሚያብረቀርቁ ጥቁር ዓይኖች አሏት። «ልክ እንደዚህች» ይላሉ። ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ሲጠየቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ለክርስትና ነው» የሚል ነው።

ለክርስትና ማለት ወንድ ከሆነ ለ40 ቀን፣ ሴት ከሆነች ለ80 ቀን ሕፃን ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ ሕፃኑ መጫወቻውን አይይዝም፤ ከጎኑ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣበታል፣ በቃ። ከአራት ወር በኋላ ግን ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፣ የጨበጠውንም ወደ አፉ ይወስዳል። ያን ጊዜ ጥንቸሏ አሮጌ ናት፤ ታጥባለች፣ ተጎትታለች፣ ክሯ ረግቧል። ድዱን የሚበላው ልጅ ደግሞ ለስላሳውን ሆድ ትቶ ጠንካራውን ነገር ፈልጎ ያኝካል፤ ጠንካራው ነገር ዓይኗ ነው። ስጦታ ሰጪው የሚያስበው የክርስትናውን ዕለት ነው። ባለሙያዋ የሚያስቡት ስምንተኛውን ወር ነው።

የዓይን ነገር በኪሮሽ አልተጀመረም። ከ100 ዓመት በፊት አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ይሸጡ የነበሩ የአሻንጉሊት ድቦች ዓይናቸው የቡትስ ጫማ ቁልፍ ነበር፤ ከዚያ በሽቦ የሚሰካ መስታወት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1948 ብሪታንያዊቷ አሻንጉሊት ሠሪ ዌንዲ ቦስተን ከጨርቁ ኋላ በብሎን የሚታሰር የፕላስቲክ ዓይን አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በማሽን የሚታጠብ ድብ ለገበያ አቀረበች። ዛሬ «ሴፍቲ ዓይን» እየተባለ የሚሸጠው፣ ከኋላው ዋሸር ከተጫነበት በኋላ የማይመለሰው የፕላስቲክ ዓይን ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው።

ደንበኞች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። «እሱን ያድርጉልኛ!»

ባለሙያዋ በረጅሙ የሚተነፍሱት እዚህ ላይ ነው። ያ ዓይን የታሰበው ጥቅጥቅ ብሎ ለተሠራ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ላይ በዓይኑ እግር ልክ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ዋሸሩም ከኋላ ድፍን ጨርቅ ላይ ያርፋል። ኪሮሽ ግን ሲፈጠርም ቀዳዳ አለው። ክር በክር ውስጥ እየሾለከ የተያያዘ ስለሆነ ሲጎትቱት ይሰፋል፤ ዋሸሩ ሳይሰበር፣ ዓይኑም ከዋሸሩ ሳይላቀቅ፣ ሁለቱ እንደተያያዙ በሰፋው ቀዳዳ ይወጣሉ። ውድ ዓይን መግዛት ጉዳዩን አይፈታውም፤ የሚለቀው ዓይኑን የያዘው ክር ነው።

አላምን ላለ ሰው የሚያሳዩበት ሁለት ቁራጭ አላቸው። ሁለቱም ከአንድ ልቃቂት የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ ሌላው በ2.5። የላላውን በሁለት አውራ ጣታቸው ወጥረው ወደ መስኮቱ ያነሡታል፤ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ይገባል። ከዚያ የተተከለበትን ዓይን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ጠምዘዝ እያደረጉ ይስቡታል። ዋሸሩ ያዘነብላል፣ አንዱ ጠርዙ በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ሌላው ይከተላል። ሁሉም ነገር መዳፋቸው ላይ ነው። ከሁለተኛው ቁራጭ ላይ ዓይኑ አይወጣም። «ታዲያ በ2.5 ይሥሩታ!» የምትል አትጠፋም። ይሠሩታል እንጂ፤ ለክሩ ከሚመከረው ቀጠን ባለ ኪሮሽ ካልሆነ አሻንጉሊት አይጀምሩም። ነገር ግን የሰው እጅ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ደክሞት የሚያዞረው ዙር ጠዋት ከሠራው ይላላል፤ ዓይኑ የትኛው ዙር ላይ እንደሚያርፍ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም።

ከ6 ተነሥቶ በየዙሩ 6 እየጨመሩ ራስ ማሳደግን ኪሮሽ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ አያነጋግርም። የሚያነጋግረው የእጅ ልማድ ነው። በአገራችን ኪሮሽን በየቤቱ ያስገባው ዳንቴል ነው፦ የጠረጴዛ ልብስ፣ የሶፋ መደገፊያ፣ የቴሌቪዥን መሸፈኛ። የዳንቴል ውበቱ ክፍተቱ ነው፤ ጎበዝ የምትባለውም ክሩን ሳታንቅ ለቀቅ አድርጋ የምትሠራው ናት። አሻንጉሊት የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ አብራቸው የምትሠራ ልጅ ሲፈልጉ ዓመታት ዳንቴል ከሠራች ይልቅ ኪሮሽ ይዛ የማታውቀውን ቢያገኙ ይመርጣሉ። ይህን ሲናገሩ የሚቀየሟቸው እንዳሉ ያውቃሉ።

ለመሆኑ ስንት ኃይል ቢችል ነው በቃ የሚባለው? አውሮፓውያን ቁጥር አውጥተውለታል። ኢኤን 71 በተባለው የመጫወቻ ደኅንነት መስፈርታቸው ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዓይን 90 ኒውተን፣ ማለትም የ9 ኪሎ ሸክም ያህል፣ ለ10 ሰከንድ ተስቦ መውለቅ የለበትም። ከዚያ ላነሰው 50 ኒውተን ነው። አሜሪካኖች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሆን መጫወቻ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው አጭር ቱቦ ውስጥ የሚገባ ትንሽ አካል እንዳይኖረው፣ በሙከራ ተጎትቶም እንዳይወልቅበት ደንግገዋል። ቱቦው የትንሽ ልጅ አፍና ጉሮሮ ምሳሌ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ያለ ችግር ይገባበታል፤ በኪሮሽ መጫወቻ ላይ የሚተከል ዓይን ደግሞ ከሳንቲሙ እጅግ ያንሳል።

ባለሙያዋ ላቦራቶሪ የላቸውም። ያላቸው መንጠቆ ያለው የስፕሪንግ ሚዛን ነው፤ ሽንኩርትና ድንች የሚመዘንበት ዓይነት። ሌሎች የሠሩትን ለምክር ሲያመጡላቸው ከዓይኑ ሥር ጠንካራ ሲባጎ ያስሩና መንጠቆውን አስገብተው ወደ 9 ይስባሉ። ብዙዎቹ 9 ሳይደርሱ ክሩ ይከፈታል። በማስቲሽ የተለጠፈው ከሆነ ሚዛን ማባከን ነው፤ ሁለት ጊዜ የታጠበ ማስቲሽ በጥፍር ይነሣል።

ዓይኑን ካለፉ በኋላ የሆዱ ነገር ይመጣል፤ እሱ ላይ አጭር ናቸው። የትራስ ፋይበር ቶሎ ይደርቃል። ጥጥ ግን ይጓጉላል፤ በክረምት ከታጠበ ደግሞ ውስጡ ሳይደርቅ ይሸታል። አንድ ጊዜ ጥንቸሏ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ታችዋ ሽምብራ ይሞላ ያለ ደንበኛ ነበር። ሽምብራ በዱከምና በቢሾፍቱ ዙሪያ ሞልቷል፤ ነገር ግን ይነቅዛል፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ስፌቱ ከተተረተረ ደግሞ እያንዳንዷ ፍሬ ሌላ የወለቀ ዓይን ናት። ቀለሙን የሚፈትኑት ነጭ ጨርቅ በሞቀ ውኃ አርሰው ክሩን በማሸት ነው፤ ጨርቁ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ያ ክር ለመጫወቻ አይገዛም። ዓይኑ የተጠለፈ፣ ሆዱ የተጠቀጠቀ ቢሆን እንኳ ከተኛ አራስ ጎን አይቀመጥም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን የሚተኛበት ቦታ ላይ ለስላሳ መጫወቻ እንዳይኖር ነው የሚመክረው። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ጥንቸሏ መደርደሪያ ላይ ትውጣ።

«እንዲህ ከሆነማ ለሕፃን አይሠራም በሉን» የሚሉም አሉ። ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንማርክ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በኪሮሽ ኦክቶፐስ መሥራት ጀመሩ። ሐሳቡ ሕፃኑ የሕክምና ቱቦዎቹን ከመጎተት ይልቅ የኦክቶፐሱን እጆች እንዲጨብጥ ነው። ይህ የተባለውን ያህል ይጠቅማል ወይ የሚለው በጥናት አልተረጋገጠም፤ ባለሙያዋም ስለ እሱ አይከራከሩም። እሳቸውን የሚማርካቸው ሕጉ ነው፦ ክሩ ንጹሕ ጥጥ፣ እጆቹ ተስበው እንኳ ከ22 ሴንቲ ሜትር የማይረዝሙ፣ በ60 ዲግሪ ሙቀት የሚታጠብ። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ፣ በነፃ የሚሰጥ ነገር እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቶለታል። ባንግላዴሽ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ሃታይ ቡናኖ የተባለ ድርጅት የገጠር ሴቶች በኪሮሽ የሚሠሯቸውን መጫወቻዎች በውጭ አገር ይሸጣል። ብዙዎቹ ፊታቸው በክር የተጠለፈ ነው። ያምራሉ፣ ይሸጣሉም፤ ማንም ዓይናቸው ለምን አላብረቀረቀም አላለም።

ቀደም ሲል ባለሙያዋ ትእዛዝ ሲቀበሉ የልጁን ዕድሜ ይጠይቁ ነበር፤ ከ3 ዓመት በላይ ነው ከተባሉ የፕላስቲኩን ይተክላሉ። አሁን መጠየቁን ትተውታል። ለአምስት ዓመቷ እህት የተገዛችው ጥንቸል ከሰዓት በኋላ ወንድሟ አፍ ውስጥ ናት፤ እህትየው ስታድግ ለአክስቷ ልጅ ትተላለፋለች፣ ከዚያ ለጎረቤት። በእኛ ሰፈር መጫወቻ የአንድ ልጅ ሆኖ አያረጅም። ስለዚህ ለማንም ይሁን ለማን፣ ከእሳቸው ቤት የሚወጣ አሻንጉሊት ሁሉ ዓይኑ ጥልፍ ነው። ፎቶውን ይዞ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ግማሹ ይሄዳል።

የቀረው ግማሽ ደግሞ ዋጋ ይከራከራል። «ዓይኑ ከቀረ ታዲያ አይቀንሱልኝም?» ይላል። የፕላስቲኩ ዓይን በደቂቃ ይተከላል። ጥልፉ ግን መጀመሪያ በስፒል ይመላከታል፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዙር ላይ መዋል አለባቸው፣ አንዱ በአንድ ረድፍ ከፍ ካለ ጥንቸሏ ሸውራራ ትሆናለች፣ ተፈትቶ እንደገና ነው። ከዚያ የክሩ ጫፍ በራሷ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ ይቀበራል። ስለዚህ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቅናሽ የግድ ነው ያለ ደንበኛ ከመጣ ባለሙያዋ ጅራቷን ያስቀሩለታል፤ ያንን የተበተነ የክር ኳስ ቀድሞም አይወዱትም፣ ክሩ አንድ አንድ እያለ እየተነቀለ ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል።