ለአንድ ኬብል ብልሽት መንገዱ ሁሉ አይቆፈርም

«የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቀብሮ ሲበላሽ ፒያሳ እንደገና ሊቆፈር ነው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። አይደለም።

ኃይሉ ተቋርጦ ከኬብሉ አንድ ጫፍ አጭር የኤሌክትሪክ ምት እንልካለን፤ ብልሽቱ ጋ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ኬብል ውስጥ ምቱ በማይክሮ ሰከንድ 160 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ5 ማይክሮ ሰከንድ ከተመለሰ ደርሶ መልሱ 800 ሜትር ነው፤ ብልሽቱ 400 ሜትር ላይ አለ። አንዳንድ ከፊል ብልሽት ግን ምቱን አይመልስም፤ ራስ ምታታችን እሱ ነው።

ደግሞ 400 ሜትሩ የኬብሉ ርዝመት እንጂ የመንገዱ አይደለም፤ ኬብል ይጠማዘዛል፣ ትርፉም ተጠቅልሎ ይቀበራል። ስለዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ በየጥቂት ሰከንዱ እንለቅበታለን። ብልሽቱ ከመሬት በታች «ድው» ሲል በማዳመጫ ተከታትለን እዚያው እንቆፍራለን። ቀን የባጃጁ ጫጫታ ስለሚያስቸግር ሌሊት ይመረጣል።

አጥር ልታቆሙ ስትቆፍሩ አስቀድማችሁ ኬብል መኖሩን ጠይቁ። ሌላ ጥያቄ ካለ ከታች ጻፉልኝ።