ያረጀ ውሻ፣ ራጅና አልትራሳውንድ

ያረጀ ውሻ ያላችሁ ይህን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የኛ ቡቺ 12 ዓመቱ ነው። ምግቡን እያሸተተ መተው፣ ደጋግሞ ማስመለስና መክሳት ሲጀምር ራጅ ተነሣ፤ ምንም አልተገኘም። ሐኪሟ ግን በዚህ አልረካችም፤ አልትራሳውንድ ይታይ አለች። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህ ምርመራ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስወጣ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኋት፤ እንዲህ ብላም አስረዳችኝ።

ራጅ ላይ አጥንትና ብረት ነጭ፣ አየር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ውሻው ሳንቲም ቢውጥ ወይም ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ቢዞርበት ራጅ ቶሎ ያሳያል። (ሆዱ ተነፍቶ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሩጡ፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።) የአንጀት ግድግዳና አንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን በራጅ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ግድግዳው መወፈሩን ከዚያ መለየት አይቻልም። የተዋጠ ካልሲም ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

አልትራሳውንድ ያንን ግድግዳ በሚሊ ሜትር ይለካል። የጤነኛ ውሻ ትንሹ አንጀት ግድግዳ በአብዛኛው ከ6 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ሆኖም ይታያል። ከውፍረቱ ይበልጥ የሚያሳስበው የድርቦቹ ነገር ነው። ግድግዳው ወፍሮ ድርቦቹ ካልጠፉ የቆየ የአንጀት ብግነት ይጠረጠራል። ድርቦቹ ጠፍተው ግድግዳው አንድ ወጥ ከሆነ፣ በተለይ ባረጀ ውሻ፣ ዕጢ ይፈራል። የቡቺ ወፍሯል፤ ድርቦቹ ግን አሉ። ቢሆንም አንዳንድ ካንሰር ድርቦቹን ሳያጠፋ ስለሚሰራጭ ምስሉ ብቻውን አይወስንም፤ በመርፌ ወይም በኤንዶስኮፒ ናሙና ወስዶ ማየት ያስፈልጋል። ለኤንዶስኮፒ ሰመመን ስለሚሰጥ ልብና ኩላሊቱ አስቀድሞ ይታያል።

ማስመለስ ሁሉ ከአንጀት አይመጣም። ኩላሊት፣ ጉበት፣ ቆሽትና ሐሞት ከረጢትም ያስመልሳሉ። ገንዘብ ካጠረ በደም ምርመራ መጀመር ጥሩ ነው። ዘመድ «ለውሻ ይህን ያህል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት አብሮን የኖረ ፍጥረት፣ ሕመሙን መናገር ስለማይችል ሊፈለግለት ይገባል እላለሁ።

ለአልትራሳውንዱ ውሻው ሌሊቱን ሳይበላ ያድራል፤ ምግብና አየር ምስሉን ይጋርዳሉ። ስኳር ያለበትን ውሻ ግን ሐኪም ሳትጠይቁ አታስርቡ። ሆዱ ይላጫል፤ አያምም፤ አብዛኞቹም ያለ ሰመመን ይታያሉ። ሕመሙን ለማስታገስ ብላችሁም ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ፈጽሞ አትስጡ፤ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ።

ውጤቱን ስትቀበሉ ግድግዳው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ድርቦቹ መኖራቸውንና የሆዱ ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ማበጣቸውን ጠይቁ። ምስሎቹንም ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ ከሚነሣው ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማሉ።