ብሔራዊ ባንክ ስለ አየር ጠባይ መለወጥ በሕግ ያለበት ኃላፊነት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ስፍራ ወዳለው የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ በማለዳ የሄደ ሰው፣ የዝናሙን መብዛትና መዘግየት ከጋዜጣ አስቀድሞ ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ ዋጋ ይረዳዋል። ይህ ገበያ በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ተነሥቶ ወደዚያ የተዛወረ ነው። በአገራችን የችርቻሮ ዋጋ መለኪያ ውስጥ የምግብ ድርሻ ከግማሽ በላይ ስለ ሆነ፣ በማሳ ላይ የደረሰ ጉዳት ሳይዘገይ የመላው አገር የኑሮ ውድነት ይሆናል። የዋጋን መረጋጋት እንዲጠብቅ በሕግ የታዘዘው ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። እንግዲህ «ባንክንና ዝናምን ምን አገናኛቸው?» ለሚሉ ነጋዴዎች መልሱ ከዚሁ ይጀምራል።

ብሔራዊ ባንክ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 206 ከንግድ ባንክ ተለይቶ ከተቋቋመ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 591 የዋጋንና የውጭ ምንዛሪን መረጋጋት፣ የገንዘብ ድርጅቶችን ጤንነትና ለፈጣን የኢኮኖሚ እድገት የሚረዱ ተግባሮችን በአንድነት ሰጥቶት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን የዋጋን መረጋጋት ቀዳሚ ዓላማ አድርጎታል።

ባንኩ ደን እንዲተከል ወይም ፋብሪካ እንዲዘጋ ለማዘዝ አልተቋቋመም፤ ይህ የመንግሥትና የምክር ቤት ተግባር ነው። ነገር ግን ድርቅ ዋጋን ሲያንር፣ ጎርፍም ለብድር መያዣ የሆነውን መጋዘን ሲያበላሽ፣ ነገሩ በገዛ ሥልጣኑ ክልል ውስጥ ይወድቃል። የመድን ኩባንያዎችንም የሚቆጣጠረው እርሱ ራሱ መሆኑ አይዘንጋ።

የውጭ አገሮች ልማድ አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2021 የሀንጋሪ ምክር ቤት ይህን ጉዳይ በማዕከላዊ ባንኩ ሕግ ውስጥ አገባ፤ በዚያው ዓመት የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ለንግድ ባንኮች መመሪያ አወጣ። የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ ግን በጥር 2025 ማዕከላዊ ባንኮች ስለዚሁ ጉዳይ ከመሠረቱት ማኅበር ወጣ።

ለእኛ አስቸጋሪው ነገር የመሣሪያው ጉዳይ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋን ንረት ለመግታት የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወስኖ ነበር። ገንዘብ በዝቶ ለመጣ ንረት ይህ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ብድር ማጥበብ ግን ዝናም አያመጣም፤ ድርቅ ያናረውን ዋጋ በዚሁ መንገድ እንቆጣጠር ቢባል፣ ዕቃ የሚያጣው ባለ ሱቁ ነው። ባንኩ የንረቱን ምንጭ ለይቶ እንዲያይ መጠየቅ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከአዋጁ መንፈስ የራቀ አይደለም።

ቡና ላኪዎችም የሚያስቡበት ነገር አላቸው። የአውሮጳ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና በገበያው እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የእርሻውም ቦታ በካርታ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የሥራ ላይ መዋያው ጊዜ ቢራዘምም ደንቡ አልተሻረም። ይህን ማስረጃ ያላዘጋጀ ላኪ ገዢ ቢያጣ፣ ኪሳራው ወደ አበዳሪው ባንክ ይሻገራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ የቡና ገቢ ሲቀንስ አስመጪውም በዶላር ዋጋ ይደርሰዋል።

እንግዲህ ባንክዎ ብድር ሲጠይቁት የመጋዘንዎን ሥፍራ፣ የወንዙን ቅርበት ወይም የቡናውን ማሳ ቢመረምር፣ ጥያቄው ያለ ቦታው የገባ አይምሰልዎ።