ቆጣሪው ስቶክፊሽና ገማቿ ሊላ

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1997 ኒውዮርክ ውስጥ የቼዝ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ 19 እርምጃ ብቻ በዘለቀ ጨዋታ እጁን ሰጠ። የስድስት ጨዋታውን ግጥሚያ የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ 3.5 ለ2.5 አሸነፈ። ዓለም የሚያስታውሰው ይህን ውጤት ነው። ካስፓሮቭን እንቅልፍ የነሳው ግን ሁለተኛው ጨዋታ ነበር። በ37ኛው እርምጃ ዲፕ ብሉ ንግሥቱን ወደ ጠላት ሰፈር አስገብቶ ወታደር መልቀም ይችል ነበር። አልለቀመም። ጳጳሱን ወደ መሐል አምጥቶ ባላጋራው ሊተነፍስበት የሚችለውን ቀዳዳ ደፈነ። ማሽን የቀረበለትን ትቶ ይታገሣል ብሎ ያልጠበቀው ካስፓሮቭ ከጀርባ ሰው ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠረጠረ፤ የኮምፒውተሩ መዝገብ እንዲታይለትም ጠየቀ።

ጥርጣሬው ዛሬም ድረስ የሚነሳ ጥያቄ በውስጡ ነበረው፦ የቼዝ ፕሮግራም ያለው ጉልበት ብቻ ነው ወይስ የራሱ ጠባይም አለው? አለው። ጠባዩም የሚመነጨው ከተሠራበት መንገድ ነው።

ጨዋታው ሲጀመር ነጭ 20 የተለያየ እርምጃ መሄድ ይችላል፤ ጥቁርም 20 መልስ አለው። ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሄዱ 400 ዓይነት አሰላለፍ ሊፈጠር ይችላል። የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ዋና ሥራ ይህን እንደ ዛፍ የሚንዠረገግ ነገር ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተከተሉ መቁጠር ነበር። ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ ይመረምር ነበር። ቅርንጫፉ ጫፍ ሲደርሱ ደግሞ ይመዝናሉ፦ ለወታደር ይህን ያህል፣ ለግንብ ይህን ያህል፣ የንጉሡ መጠለያ ከሳሳ ይህን ያህል ይቀነስ እያሉ። አንድ ተጫዋች ጨዋታውን ስልኩ ላይ ሲያስመረምር የሚያየው +0.35 የሚል ቁጥር የዚህ ዓይነቱ ምዘና ውጤት ነው፤ በቀድሞው ስሌት ነጭ የአንድ ወታደር ሲሶ ያህል ብልጫ አለው እንደማለት ነው።

ከእነዚህ ቆጣሪዎች ሁሉ የገነነው ስቶክፊሽ ነው። ኖርዌያዊው ቶርድ ሮምስታድ ግላውሩንግ የተባለ ፕሮግራም ነበረው፤ ጣሊያናዊው ማርኮ ኮስታልባ በ2008 ያንን ወስዶ አዲስ ስም ሰጠው። ስቶክፊሽ የደረቀ ዓሣ ነው። ኖርዌይ ያደርቀዋል፣ ጣሊያን ይቀቅለዋል፤ የፕሮግራሙም ታሪክ እንዲሁ ነውና ስሙ ልክክ አለለት። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን እያዋሱ አዲስ የቀረበውን ማሻሻያ ሁሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ጨዋታዎች ይፈትኑታል፤ ጥቅሙ በቁጥር ካልታየ ይጣላል። በዚህ ወንፊት ያለፈው ስቶክፊሽ ጠባዩ የታወቀ ሆነ፦ ወታደር ከሰጡት ይበላል፣ ከዚያም የሚመጣበትን ጥቃት ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ይመክታል።

በዲሴምበር 2017 ይህ መመከት አልበቃ አለ። የለንደኑ ኩባንያ ዲፕማይንድ አልፋዜሮ የተባለውን ፕሮግራም ይዞ ብቅ አለ። አልፋዜሮ የጨዋታውን ሕግ ብቻ ተነግሮት፣ አንድም የሰው ጨዋታ ሳያይ፣ ከራሱ ጋር 44 ሚሊዮን ጨዋታ ተጫውቶ የተማረ ነው። ልምምዱን በጀመረ በአራት ሰዓት ውስጥ ስቶክፊሽ 8ን በለጠ። መቶ ጨዋታ ገጥመው 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ስቶክፊሽ የተጫወተበት ሁኔታ ፍትሐዊ አልነበረም የሚሉ ተቃውሞዎች ተነሡ፤ ተቃውሞው መሠረት ነበረው። በቀጣዩ ዓመት በተሻለ ሁኔታ የተደረገው የ1,000 ጨዋታ ግጥሚያ ግን በአልፋዜሮ 155 ድልና 6 ሽንፈት ተጠናቀቀ፤ የቀረው አቻ ነበር።

ከድሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አኳኋኑ ነው። ስቶክፊሽ በሰከንድ 70 ሚሊዮን አሰላለፍ ሲቆጥር አልፋዜሮ የሚያየው 80 ሺህ ብቻ ነበር። የትኛው ቅርንጫፍ መታየት እንደሚገባው ኒውራል ኔትወርክ በሚባለው፣ ከልምምድ በሚማረው ሥርዓቱ እየገመተ ይመርጣል። ደጋግሞ ያሳየው አንድ ስልት አለ። የሰሌዳውን ዳር ወታደር አንድ፣ ሁለት እያለ ያስገሰግስና በተቃራኒው ንጉሥ ደጃፍ እንደ ሽብልቅ ይሰካዋል። ያ ወታደር ወዲያው ምንም አይገድልም። ነገር ግን ንጉሡ መተንፈሻ ያጣል፣ ጠባቂዎቹም ከቦታቸው መነቃነቅ ያቅታቸዋል። ለዚህ ሲል አልፋዜሮ አንድ ወይም ሁለት ወታደር በነጻ ይሰጣል። ቆጣሪው የበላውን ደምሮ ደህና ነኝ ሲል ይቆያል፤ ከብዙ እርምጃ በኋላ ቁጥሩ በድንገት ይገለበጥበታል። ቼዝ የሚወድ ሰው እነዚህን ጨዋታዎች በሰሌዳ ላይ እየደረደረ ቢያያቸው የሚቆጭበት ሰዓት አይኖርም።

አልፋዜሮ ለሕዝብ አልተለቀቀም። ያንን መንገድ ተከትለው ፈቃደኞች በ2018 ሊላ ቼስ ዜሮን ጀመሩ፤ ከጀማሪዎቹ አንዱ ጋሪ ሊንስኮት የስቶክፊሽን መፈተኛ ሥርዓት የሠራው ሰው ራሱ ነው። ቲሴክ በሚባለው የፕሮግራሞች ውድድር 14ኛ ዙር ፍጻሜ ስቶክፊሽ ሊላን 50.5 ለ49.5 አሸነፈ፤ ለጥቂት ማለት ይህ ነው። በ2019 በተካሄደው 15ኛው ዙር ሊላ 53.5 ለ46.5 ረታች።

የሊላ ድክመትም ከአሠራሯ የመጣ ነው። ሊላ የምትገምተው የማሸነፍ ዕድሏን እንጂ የበላችውን ብዛት አይደለም። ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ማንኛውም እርምጃ መቶ በመቶ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ዕድል ስለሚሰጣት አትቸኩልም ነበር፤ ስቶክፊሽ በጥቂት እርምጃ የሚጨርሰውን እሷ ወዲያና ወዲህ እያለች ታረዝመው ነበር። በአንጻሩ ረጅምና ጠባብ የሆነ የመበላላት ሰንሰለት ሲመጣ ቆጣሪው የሚያየውን ወጥመድ እሷ የምትስትበት ጊዜ አለ።

የሰውም ሆነ የፕሮግራም ጥንካሬ የሚለካው ኢሎ በሚባለው የነጥብ ስሌት ነው። የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ ብልጫ ያለው ከ100 ጨዋታ 76 ያህል ነጥብ ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ማግነስ ካርልሰን በ2014 የደረሰበት 2882 በሰው ልጅ ታሪክ ከፍተኛው ነው። ፕሮግራሞች በአንዳንድ ዝርዝር ከ3600 በላይ ይሰጣቸዋል፤ ይህ ቁጥር የሚወጣው እርስ በርሳቸው ተጫውተው ስለሆነ ግን ከሰው ነጥብ ጎን አስቀምጦ መቀነስ አያስኬድም። ልዩነቱን በደንብ የሚያሳየው የ2009 የቦነስ አይረስ ውድድር ነው፦ ፖኬት ፍሪትዝ 4 በእጅ ስልክ ላይ ሆኖ ከሰዎች ጋር አሥር ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙን አሸንፎ በአንዱ አቻ ወጣ። ዛሬ ከፍተኞቹ ፕሮግራሞች በራሳቸው ምርጫ ከጀመሩ አቻ በአቻ ስለሚሆን ቲሴክ ሆን ብሎ ያልተመጣጠነ መክፈቻ ይሰጣቸዋል፤ አንዱን መክፈቻ ሁለቴ፣ ቀለም ቀይረው ይጫወቱታል።

ቆጣሪውና ገማቿ ኋላ ተቀራረቡ። ጃፓናዊው ዩ ናሱ በ2018 ሾጊ ለተባለው የጃፓን ቼዝ የፈጠረው፣ በተራ ኮምፒውተር በፍጥነት የሚሠራ ትንሽ ኔትወርክ በሴፕቴምበር 2020 በስቶክፊሽ 12 ውስጥ ገባ። በ2023 በሰው እጅ የተጻፈው የድሮ ምዘና ከኮዱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ኔትወርኩን ለማስተማር ከሚውለው መረጃም ብዙው ሊላ ያመነጨችው ነው፤ ተቀናቃኙ ከተቀናቃኙ ተማረ።

ማያ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ ዓላማው ሰውን መምሰል ነው። በኮርኔልና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም በማይክሮሶፍት ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ያስተዋወቁት ይህ ፕሮግራም የተማረው ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት ቼዝ መድረክ ላይ ተራ ሰዎች ከተጫወቷቸው ሚሊዮኖች ጨዋታዎች ነው። በሊቼስ ነጥብ ከ1100 እስከ 1900 ዘጠኝ እርከን አለው፤ እያንዳንዱ እርከን በዚያ ደረጃ ያለ ሰው የሚሳሳተውን ስሕተት ይሳሳታል። አሰላለፍ ሲሰጡት ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ሰውየው በእርግጥ የሄደውን እርምጃ ያገኘዋል፤ ስቶክፊሽ ጉልበቱ ተቀንሶለትም ቢሆን ይህን አልቻለም።