ከገበጣ ሰሌዳ የተነሣ ድርጅት

በሱዳኗ ባሱንዳም ሆነ ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያዋ መተማ፣ ገበጣ ለመጫወት ሱቅ መሄድ አያስፈልግም። መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈር፣ ጠጠር መልቀም፣ ፊት ለፊት መቀመጥ ይበቃል።

ይህ የጨዋታ ዘር በዓለም ዙሪያ «ማንካላ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ፒክ፣ ኢያን ሊቪንግስተን እና ስቲቭ ጃክሰን ለንደን ውስጥ ጌምስ ወርክሾፕ የተባለ ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ በእጃቸው ይሠሯቸው ከነበሩት የእንጨት ሰሌዳዎች አንዱ የማንካላ ነበር። ያ ትንሽ ድርጅት ዛሬ ጣት በሚያህሉ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ በመሥራት ስሙ የገነነ ነው።

መንገዱ ግን ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረ ነው። ነባር ጨዋታዎችን የሚወደው ፒክ በ1976 ለቀቀ። በ1979 ብራያን አንሰል ሲታደል የተባለውን የምስል መሥሪያ ከድርጅቱ ጋር አቋቋመ። በ1983 «ዋርሀመር» የተባለው ጨዋታ ወጣ። በ1991 ሊቪንግስተን እና ጃክሰን ድርሻቸውን ሸጡ፤ በቶም ከርቢ የሚመራው ቡድን ድርጅቱን ገዛ። በ1994 አክሲዮኑ ለገበያ ቀረበ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ከለንደን ገበያ 100 ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ ገባ።

ባለቤት ሲለወጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? አንደኛው ቅርጽ ማውጫው፣ ማለትም ሞልዱ ነው። ቀራፂው አንዱን ምስል በጥንቃቄ ይሠራል፤ ከዚያ የሚወጣው ሞልድ፣ የቀለጠ ብረት ወይም ፕላስቲክ እየተጨመረበት፣ ያንኑ ምስል ደጋግሞ ይወልዳል። ሞልዱ ውድ ነው፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን ለዓመታት ያገለግላል። ከሞልዱ ጋር የጨዋታው ደንብና የገጸ ባሕርያቱ ስም ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ተጫዋቹ ግን አይሸጥም። አዲስ ባለቤት የድርጅቱን ነገ ማወቅ ከፈለገ፣ አዋቂ ተጫዋች ጀማሪውን አጠገቡ አስቀምጦ ማስተማሩን ይመልከት። ያ ከቆመ ሞልዱ ተራ ብረት ነው።

ለዚህ ምስክሩ ገበጣችን ነው። ባለቤት የለውም፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ግን በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ ዓይነቱን መዝግበዋል። ሰው ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ሲሰደድ ሰሌዳውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ ደንቡን ግን በልቡ ይዞ ይሻገራል። በደረሰበት መሬትም ቆፍሮ፣ ጠጠሩን ለቅሞ፣ ልጁን ፊት ለፊት ያስቀምጣል።