ሁለት በሮቹን አንድ ላይ የማይከፍተው ተሸካሚ

ልባችን ሲመታ፣ ጡንቻችን ሲኮማተር፣ አንጎላችን ሲያስብ ኃይሉ የሚመጣው ኤቲፒ ከተባለች ሞለኪውል ነው። ኤቲፒ ከሦስቱ ፎስፌቶቿ አንዱን ስትለቅ ኃይል ትሰጥና ኤዲፒ ትሆናለች፤ ፎስፌቷ የሚመለስላት በአብዛኛው ማይቶኮንድሪያ በተባለው የሴል ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የራሱን ክብደት የሚያህል ኤቲፒ እንደሚያመርት ይገመታል። በአንድ ቅጽበት በሰውነቱ ያለው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ያችው ሞለኪውል ቀኑን ሙሉ ስትወጣና ስትገባ ትውላለች።

ጭንቁ ያለው መግቢያው ላይ ነው። ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። የውጭኛው ቀዳዳ ስለማያጣ ትናንሽ ሞለኪውሎች ብዙም አይቸገሩበትም። የውስጠኛው ግን ፕሮቶን እንኳ እንዳያሾልክ ድፍን ነው። ከምግብ የተገኘው ኃይል የሚጠራቀመው በዚህ ሽፋን ወዲህና ወዲያ በሚፈጠረው የፕሮቶንና የኤሌክትሪክ ልዩነት ነውና፣ ሽፋኑ ካፈሰሰ የኤቲፒ ምርት ይቆማል። ስለዚህ ኤዲፒ መግባት፣ ኤቲፒም መውጣት አለባት፤ ሌላ ነገር ግን ሾልኮ ማለፍ የለበትም።

ይህን የሚያደርገው 300 ያህል አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት የኤዲፒና ኤቲፒ ተሸካሚ ፕሮቲን ነው። ስድስት ጥምዝማዛ ምሰሶዎቹ ሽፋኑን አቋርጠው ቆመዋል፤ መካከላቸው ክፍት ነው። ክፍተቱ ወደ ውጭ ሲያይ ኤዲፒ ትገባና መሃል ላይ ትያዛለች። በዚህ ጊዜ የውስጠኛው በር ዝግ ነው፤ የዘጉት እርስ በርስ የሚሳሳቡ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ኤዲፒ ቦታዋን ስትይዝ ምሰሶዎቹ ዞር ይላሉ፤ የውጭኛው በር ይገጥማል፣ የውስጠኛው ይላቀቃል። እሷ ስትወርድ ኤቲፒ በቦታዋ ትተካና ያው እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ይደገማል። ልውውጡ አንድ ለአንድ ነው።

ለምን ኤቲፒ ወደ ውጭ፣ ኤዲፒ ወደ ውስጥ? ኤቲፒ አራት፣ ኤዲፒ ሦስት ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዘው ይጓዛሉ። የማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኔጋቲቭ ስለሆነ፣ ይበልጥ ኔጋቲቭ የሆነችው ኤቲፒ ወደ ውጭ ትገፋለች። ግፊቱ በነጻ የሚገኝ አይደለም፤ ከምግብ የተጠራቀመው ኃይል ከፊሉ ለዚሁ ማመላለሻ ይውላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ የታወቀበት መንገድ ነው፤ ያስተማሩን ሁለት መርዞች ናቸውና። አንደኛው በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሚበቅል እሾሃማ ተክል የሚገኘው አትራክቲሎሳይድ ሲሆን፣ ተሸካሚውን ወደ ውጭ እንደተከፈተ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ቦንግክሬኪክ አሲድ ወደ ውስጥ እንደተከፈተ ይቆልፈዋል። ስሙን ያገኘው በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ከኮኮናት ተረፈ ምርት ከሚብላላ ምግብ ነው፤ መርዙን የሚሠራ ባክቴሪያ ሲገባበት የበሉትን ይገድላል። በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ለቀብር የመጡ ሰዎች የቤት ውስጥ ቢራ ጠጥተው 75 ሰው ሞተ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የአዞ ሐሞት ነበር፤ በኋላ በቢራው ውስጥ የተገኘው ቦንግክሬኪክ አሲድ ነው። ኤቲፒዋ በማይቶኮንድሪያ ተዘግቶባት የምትቀር ሴል ብዙ አትቆይም።

ሁለቱ መርዞች ተሸካሚውን በሁለት የተለያየ አቋም ማስቆማቸው፣ ሁለቱ በሮች እየተፈራረቁ እንደሚከፈቱ ለጀርመናዊው ተመራማሪ ማርቲን ክሊንገንበርግ ፍንጭ ሰጠ። ፕሮቲኑ እየተገለባበጠ አንዴ የማይቆም በመሆኑ ምስሉን ማንሳትም የተቻለው በእነሱ ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ ግሬኖብል የመጀመሪያው አቋም፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካምብሪጅ ተመራማሪዎች መሪነት ሁለተኛው ታየ።

ይህ ፕሮቲን ካለበት ቤተሰብ የሰው ልጅ 53 ተሸካሚዎች አሉት፤ ኤዲፒ ላይ የሚጨመረውን ፎስፌት የሚያስገባውም የዚሁ ዘመድ ነው። በልብና በጡንቻ የሚበዛው የኤዲፒና ኤቲፒ ተሸካሚ ዘረመሉ ሲበላሽ፣ የልብ ጡንቻ እየደነደነ የሚሄድበትና አካል በትንሽ እንቅስቃሴ የሚዝልበት በሽታ ይከተላል።